ቫሲሊ አሌክሴዬቭ፦ በግማሽ ኪሎ ወደ ላይ

ኦሎምፒክ ሲመጣ እኛ የምንጠብቀው ሩጫውን ነው። በአሥር ሺህና በአምስት ሺህ ሜትር ማን መቼ አፈትልኮ እንደሚወጣ፣ የመጨረሻው ዙር ደወል ሲደወል ማን አቅም እንደቀረው ለመገመት ማንም አይቀድመንም። ክብደት ማንሳት ላይ ስንደርስ ግን ብዙዎቻችን የምናየው አንድ ግዙፍ ሰው መዳፉን ነጭ ዱቄት አሽቶ ሲወጣ፣ ብረቱን ሲያነሳ ወይም ሲጥል ብቻ ነው። ጉልበታሙ አሸነፈ እንልና ወደ ሌላ ጣቢያ እንቀይራለን። በዚህ በጣም አዝናለሁ፤ ምክንያቱም ይህ ስፖርት ከጉልበት እኩል ስሌት የሚጠይቅ፣ የተሳሳተ ቁጥር የጠራን ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ባዶ እጁን የሚሸኝ ውድድር ነው። ይህን ለማስረዳት ከሶቪየት ኅብረቱ ቫሲሊ አሌክሴዬቭ ሕይወት የተሻለ ትምህርት አላውቅም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ደንቡን እንያዝ። ዛሬ በውድድር ላይ ሁለት ዓይነት አነሳስ አለ። ስናች በሚባለው ብረቱ ከመሬት ተነሥቶ፣ የትም ሳያርፍ፣ በአንድ እንቅስቃሴ ከራስ በላይ ይወጣል። ክሊን ኤንድ ጀርክ በሚባለው ደግሞ ብረቱ በመጀመሪያ ትከሻ ላይ ያርፋል፤ አንሺው ከተቀመጠበት ቀጥ ብሎ ይነሣና በእግሩ ገፍቶ ወደ ላይ ያስፈነጥረዋል። ለእያንዳንዱ ሦስት ሙከራ ይፈቀዳል። ከሁለቱም የተሻለው ውጤት ይደመርና ጠቅላላው አሸናፊውን ይለያል። ሦስት ዳኞች አሉ፤ ቢያንስ ሁለቱ ነጭ መብራት ካበሩ አነሳሱ ይጸድቃል።

ዋናው ነገር ቀጥሎ ያለው ነው። በብረቱ ላይ የሚጫነው ክብደት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። በ180 ኪሎ እጀምራለሁ ብሎ የወደቀ ሰው 170 አድርጉልኝ ማለት አይችልም፤ ወይ እሱኑ ይደግማል፣ ወይ ከዚያ በላይ ይጠይቃል። ሦስቱንም ከጣለ በስናች ውጤት የለውም፤ በስናች ውጤት ከሌለው ጠቅላላ ውጤት የለውም። አራት ዓመት የለፋበት ሁሉ እዚያው ያበቃል። ስለዚህ የውድድሩ የመጀመሪያ ፍልሚያ ብረቱ ሳይነካ፣ መነሻውን በሚመርጡበት ሰዓት ይካሄዳል።

አሌክሴዬቭ ጃንዋሪ 7 ቀን 1942፣ ጦርነቱ በተፋፋመበት ጊዜ፣ በራያዛን ክፍለ ሀገር ፖክሮቮ-ሺሽኪኖ በምትባል መንደር ተወለደ። ገና ልጅ ሳለ ቤተሰቡ ወደ ሰሜን፣ ወደ አርካንግልስክ ደን ተሰደደ። በዚያ አካባቢ ኑሮ ማለት ዛፍ መቁረጥና ግንድ ማንከባለል ነበር፤ ልጁም ከአዋቂዎቹ ጋር እዚያው ሥራ ላይ ጠነከረ። መረብ ኳስም በደንብ ይጫወት ነበር። ይህ እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም፤ ኋላ 160 ኪሎ አካባቢ የሚመዝን ሰው ሆኖ እንኳ ብረቱ ሥር በፍጥነት ሲገባ ላየው፣ ያ ቅልጥፍና ከየት እንደመጣ ይጠቁማል።

በ1966 በደቡብ ሩሲያ ሮስቶቭ ክፍለ ሀገር ወደምትገኘው ሻኽቲ ሄደ። ሻኽቲ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ከተማ ናት። በዚያ የቶኪዮ 1964 የኦሎምፒክ ሻምፒዮን የነበረው ሩዶልፍ ፕሉክፌልደር ያሠለጥን ነበር። ሁለቱ ግን አልተስማሙም። በ1968 አሌክሴዬቭ አሠልጣኙን ትቶ ብቻውን መሥራት ጀመረ። ሁሉም ነገር በዕቅድና በአለቃ በሚመራበት በሶቪየት ስፖርት ውስጥ፣ ገና የዓለም ክብረ ወሰን ያልነካ ሰው እንዲህ ያለ እርምጃ መውሰዱ ትልቅ ድፍረት ይጠይቅ ነበር።

ብቻውን ምን ያደርግ ነበር? በልምምድ ላይ የመጨረሻ አቅሙን የሚፈትን ክብደት እምብዛም አይነካም። መካከለኛ ክብደት ይጭንና ብዙ ጊዜ ይደጋግማል። ለወገቡና ለሆዱ ጡንቻ የራሱን እንቅስቃሴዎች ፈጥሮ ነበር፤ ከራስ በላይ የሚወጣ ብረት በክንድ ይያዝ እንጂ የሚሸከመው ወገብ መሆኑን ያውቃል። ውኃ ውስጥ ቆሞም ብረት ያነሳ ነበር። ዛሬ በየሰፈራችን ቆርቆሮ ውስጥ ሲሚንቶ ሞልተው የሚሠሩ ወጣቶች ይህን ቢያነቡ ደስ ይለኛል፤ በየቀኑ ትልቁን ለማንሳት መታገል ሰውነትን ከመስበር በቀር የትም እንደማያደርስ የዓለም ኃያሉ ሰው በሥራው አሳይቷልና።

ጃንዋሪ 1970 ላይ፣ 28 ዓመት እንደሞላው፣ ቬሊኪዬ ሉኪ በምትባል ከተማ የመጀመሪያዎቹን የዓለም ክብረ ወሰኖች ሰበረ። በዚያ ዘመን አነሳሱ ሦስት ነበር፤ ከሁለቱ በተጨማሪ ፕሬስ የሚባል፣ ብረቱን ከትከሻ በክንድ ብቻ ገፍቶ የሚያወጡበት ነበረ። የሦስቱን ድምር 600 ኪሎ ማድረስ የከባድ ሚዛን ሰዎች ሁሉ ሕልም ነበር። አሌክሴዬቭ ማርች 18 ቀን 1970 ሚንስክ ላይ ከሁሉም ቀድሞ ደረሰበት። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር በአሜሪካ ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ከተማ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና በክሊን ኤንድ ጀርክ 227.5 ኪሎ አነሳ። አሜሪካኖች የሚቆጥሩት በፓውንድ ነው፤ ይህ ከ500 ፓውንድ በላይ ነው፤ ያን ደረጃ ደግሞ በውድድር ላይ ከእሱ በፊት የተሻገረ ሰው አልነበረም። በቀዝቃዛው ጦርነት መካከል ያለ የሶቪየት ሰው አሜሪካ ድረስ ሄዶ የአሜሪካኖቹን ወሰን ሰበረ፤ በ1975 ታዋቂው የአሜሪካ የስፖርት መጽሔት ስፖርትስ ኢለስትሬትድ ፎቶግራፉን የፊት ገጹ ላይ አወጣ።

ከ1970 እስከ 1977 ድረስ 80 የዓለም ክብረ ወሰኖች ሰበረ። ስምንት ጊዜ በተከታታይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ሰማንያው እንዴት ተገኘ? በጥቂት በጥቂቱ ነው። የወቅቱ ደንብ ክብረ ወሰንን በግማሽ ኪሎ ማሻሻል ይፈቅድ ነበር፤ አሌክሴዬቭም አምስት ኪሎ መጨመር በሚችልበት ቀን ግማሽ ወይም አንድ ኪሎ ጨምሮ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ለእያንዳንዱ ክብረ ወሰን መንግሥት ሽልማት ስለሚከፍለው ነው እየተባለ በሰፊው ይነገር ነበር። ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ገንዘብ ብቻውን ነገሩን ሁሉ አይገልጸውም። ኮሎምበስ ላይ 227.5 የነበረው የክሊን ኤንድ ጀርክ ውጤቱ ኖቬምበር 1977 ሞስኮ ላይ 256 ደርሷል። በሰባት ዓመት 28.5 ኪሎ ማለት ነው። ሰውነቱን በአንድ ቀን ከአቅሙ በላይ ቢጎትተው ኖሮ ይህን ያህል ባልቆየ ነበር።

በሙኒክ 1972 ያገኘው የመጀመሪያ የኦሎምፒክ ወርቅ ብዙም አላታገለውም። 640 ኪሎ አነሳ፤ ሁለተኛ የወጣው የምዕራብ ጀርመኑ ሩዶልፍ ማንግ በ30 ኪሎ ርቆ ቀረ። ከዚያ ኦሎምፒክ በኋላ ፕሬስ ከውድድር ወጣ፤ አንሺዎቹ ወገባቸውን ወደ ኋላ እየለጠጡ ስለሚገፉት ዳኞች ትክክሉን ከስህተቱ መለየት አቅቷቸው፣ ለወገብም አደጋ ሆኖ ነበር። አሌክሴዬቭ በዚያው ዓመት ኤፕሪል ያስመዘገበው የ645 ኪሎ የሦስትዮሽ ድምርም ማንም የማይደርስበት ሆኖ ቀረ፤ ውድድሩ ራሱ የለምና።

ሞንትሪያል 1976 ግን ከሁሉም የምወደው ነው። ከውድድሩ ጥቂት ወራት በፊት የምሥራቅ ጀርመኑ ጌርድ ቦንክ በ252.5 ኪሎ የክሊን ኤንድ ጀርክ ክብረ ወሰኑን ነጥቆት ነበር። አሌክሴዬቭ በስናች 185 አነሳ። በክሊን ኤንድ ጀርክ ወርቁን ካረጋገጠ በኋላ 255 ኪሎ አስጫነ። በግማሽ ኪሎ የሚታወቀው ሰው ያን ዕለት የቦንክን ክብረ ወሰን በ2.5 ኪሎ አልፎ መለሰው። ድምሩ 440 ሆነ፤ ከቦንክ በ35 ኪሎ ይበልጣል።

የዚያን ዘመን ጥቁር ገጽ ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። በሆርሞን ጡንቻ የሚያሳብጡ መድኃኒቶች በኦሎምፒክ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመረመሩት በዚሁ ሞንትሪያል ነው፤ ሜዳሊያቸውን የተነጠቁ ክብደት አንሺዎችም ነበሩ። ቦንክ ራሱ ኋላ የምሥራቅ ጀርመን መንግሥታዊ የአበረታች መድኃኒት መርሐ ግብር ሰለባ መሆኑ ታውቆ፣ ጤናው ተቃውሶ ኖሮ በ2014 ሞተ። የዚያን ዘመን ቁጥሮች ስናደንቅ ይህን ማስታወስ ግዴታችን ነው።

የአሌክሴዬቭ መውደቅ የጀመረው በ1978 አሜሪካ ውስጥ ጌቲስበርግ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ነው። ተጎዳ፤ ለስምንት ዓመት የያዘውን ማዕረግ የምሥራቅ ጀርመኑ ዩርገን ሆይዘር ወሰደው። ከዚያ በኋላ ሻኽቲ ገብቶ፣ እንደ ለመደው ብቻውን እየሠራ፣ ለሞስኮ 1980 ተዘጋጀ። በመካከሉ በዓለም አቀፍ መድረክ አልታየም።

ለእኛ ሞስኮ 1980 የምሩጽ ይፍጠር ኦሎምፒክ ነው። ምሩጽ በሙኒክ በአሥር ሺህ ነሐስ አግኝቶ፣ ሞንትሪያልን ኢትዮጵያ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ጋር ሳትሳተፍ በመቅረቷ አጥቶ፣ ሞስኮ ላይ ጁላይ 27 በአሥር ሺህ፣ ኦገስት 1 ደግሞ በአምስት ሺህ ወርቅ ወሰደ። በእነዚህ ሁለት ድሎች መካከል፣ ጁላይ 30 ቀን፣ እዚያው ከተማ ውስጥ የ38 ዓመቱ አሌክሴዬቭ በአገሩ ሕዝብ ፊት ወጣ። የስናች መነሻውን 180 ኪሎ አደረገ። ሞንትሪያል ላይ ካነሳው በአምስት ኪሎ ብቻ ያነሰ ነው። የመጀመሪያውን ጣለ። ሁለተኛውን ጣለ። ሦስተኛውንም ጣለ። ውድድሩ አበቃ።

መነሻ ክብደት መሆን ያለበት ሰው በክፉ ቀኑ እንኳ የሚያነሳው ነው። ሁለት ዓመት ያህል ከተፎካካሪ ጋር ያልተለካ ሰው ግን ክፉ ቀኑ የቱ እንደሆነ በምን ያውቃል? ብቸኝነቱ ከማንም በላይ አድርጎት ነበር፤ ያን ቀን ግን አጠገቡ ቆሞ «ቫሲሊ፣ 170 ይበቃል» የሚለው ሰው አስፈልጎት ነበር ብዬ አምናለሁ። ወርቁን ያገሩ ልጅ ሱልታን ራኽማኖቭ ወሰደ፤ ድምሩም 440 ኪሎ ነበር፤ አሌክሴዬቭ ሞንትሪያል ላይ ካስመዘገበው ጋር ፍጹም እኩል።

ኋላ አሠልጣኝ ሆነ፤ በባርሴሎና 1992 የመራው የቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት የጋራ ቡድን አምስት ወርቅ አገኘ። ኖቬምበር 25 ቀን 2011፣ በ69 ዓመቱ፣ ለሕክምና በሄደባት ሙኒክ አረፈ።

የእሱ 256 ኪሎ ዛሬ የት ደርሷል? በ1988 ሊዮኒድ ታራኔንኮ 266 አነሳ። በ2021 የጆርጂያው ላሻ ታላካድዜ 267 አደረሰው። በ44 ዓመት የተጨመረው 11 ኪሎ ብቻ ነው። በሚቀጥለው ኦሎምፒክ ከባዶቹ ሲወጡ ጣቢያውን አይቀይሩ። ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ የሚጻፈውን የመጀመሪያ ሙከራ ቁጥር ያንብቡ፣ ያ ሰው ከዚህ ቀደም ካነሳው ትልቁ ክብደት ጋር ያስተያዩት፤ ውድድሩን ማየት የሚጀመረው ከዚያ ነው።