የማይለቅ ሕመም እና የደም ናሙና አማና



በመስጂዳችሁ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚሰግዱ አባቶችንና እናቶችን ልብ ብላችኋል? ብዙዎቹ ሩኩዕና ሱጁድ ያቃታቸው በወገብ ወይም በጉልበት ሕመም ነው። ከሦስት ወር በላይ የቆየ ሕመም ሐኪሞች ዘንድ ሥር የሰደደ ሕመም ይባላል። ራጅ ተነስተው «ምንም የለብዎትም» የተባሉም አሉ። ሕመሙ ግን አለ! በነርቭ ውስጥ የሚሆነውን ራጅ አያሳይምና።

የሕመሙ መንስኤ ከሰው ሰው ስለሚለያይ አንድ ሆስፒታል የራሱን ታካሚዎች ብቻ መርምሮ አይደርስበትም። ተመራማሪዎች የደም ናሙናና የታካሚ መረጃ የሚጋሩት ለዚህ ነው። አንድ ታሪክ እናንሳ። በሰሜን ፓኪስታን በመንገድ ላይ ትርኢት የሚያሳይ የአሥር ዓመት ልጅ ነበር። ክንዱን በቢላዋ ይወጋል፣ በፍም ላይ ይራመዳል፤ አያመውም። ተመራማሪዎች ሳያገኙት ከጣሪያ ላይ ዘሎ በልጅነቱ ሞተ። (ሕመም አላህ የሰጠን ማስጠንቀቂያ መሆኑን ስንቶቻችን እናስባለን?) በኋላ ከዚያው አካባቢ የሦስት ቤተሰቦች ልጆች ደም በፓኪስታንና በእንግሊዝ ባለሙያዎች ትብብር ተመረመረ። ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2006 ታተመ፤ ኤስ.ሲ.ኤን.9ኤ የተባለው ዘረመል ተበላሽቶ ነበር። ይህ ዘረመል በነርቭ ላይ ሶዲየም የሚገባበትን በር ይሠራል። በ2004 ደግሞ የቻይና ተመራማሪዎች እጅና እግር በሚያቃጥል ሕመም የሚሰቃዩ ሰዎችን ሲመረምሩ ያገኙት ይህንኑ ዘረመል ነበር። በሩ ጨርሶ ካልሠራ ሕመም የለም፤ ከልክ በላይ ከተከፈተ ቃጠሎ ነው። ሁለቱ ጥናቶች ጎን ለጎን ባይቀመጡ ኖሮ ይህ እንዴት ይታወቅ ነበር?

መድኃኒቱ ግን ጊዜ ወሰደ። በ2025 አሜሪካ ውስጥ የዚህን በር «ወንድም» የሚዘጋ ሱዜትሪጂን የተባለ መድኃኒት ሲፈቀድ ለአጣዳፊ ሕመም ብቻ ነበር።

በእንግሊዝ ከ2006 እስከ 2010 ድረስ 500,000 ያህል ጎልማሶች ደማቸውንና ሽንታቸውን ለምርምር ሰጥተዋል። በ2019 ስለ ሕመማቸው ሲጠየቁም ከ160,000 በላይ የሚሆኑት መልሰዋል። የየትም አገር ተመራማሪ አመልክቶ መረጃውን መጠቀም ይችላል። ነገር ግን ከሰጪዎቹ አብዛኞቹ ነጮች ናቸው። የእኛ ደም በሌለበት የተገኘ ውጤት ለእኛ ምን ያህል እንደሚሠራ ማን ያረጋግጥልናል?

እናንተም አንድ ቀን ስጡ ትባሉ ይሆናል። ደማችሁ እጃቸው ላይ አማና ነውና ሳትጠይቁ አትፈርሙ። ስሜ በኮድ ይተካል? ናሙናው ወደ ውጭ አገር ይሄዳል? ከዚህ ጥናት ውጪ ለማን ይሰጣል? በአገራችን እንዲህ ያለ ጥናት የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ናሙና ወደ ውጭ ለመላክም የጽሑፍ ስምምነት ያሻል። ሐሳባችሁን ብትቀይሩ የቀረው ናሙና እንዲወገድ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ ለሌሎች የተላለፈውን መረጃ መመለስ ግን አስቸጋሪ ነው። እንቢ ብትሉ ሕክምናችሁ ሊጓደል አይገባም። የሚያጣድፋችሁ ሰው ካለ ወረቀቱን ይዛችሁ ቤት ሂዱ፤ ከቤተሰብ ጋር አንብቡት።

ቀጠሮው በረመዷን ከሆነስ? ለምርመራ የሚወሰድ ጥቂት ደም ጾም እንደማያፈርስ ብዙ ዑለማዎች ይናገራሉ። ልባችሁ ካልረጋ የምታምኑትን ዓሊም ጠይቁ፤ ወይም ቀጠሮው ከዒድ በኋላ እንዲሆን ንገሯቸው።