አልቢኖ ሴቶችና የትዳር ጥያቄ

በዳሬሰላምና በናይሮቢ ጎዳናዎች ቆዳቸው የነጣ፣ ጸጉራቸውም ገለባ የመሰለ አፍሪካውያን ሴቶች ሰፊ ባርኔጣ ደፍተውና እጀ ረጅም ልብስ ለብሰው ሲያልፉ ይታያሉ። ሐኪሞች አልቢኖ ይሏቸዋል። በአገራችን ብዙ ሰው ይህን ከለምጥ ጋር ያደባልቀዋል፤ ይሁን እንጂ ለምጥ ከተወለዱ በኋላ የሚወጣ ሲሆን፣ አልቢኒዝም ግን አብሮ የሚወለድ ነው። ሁለቱም ከሰው ወደ ሰው አይጋቡም።

ነገሩ ለቆዳ፣ ለጸጉርና ለዓይን ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን የተባለው ንጥረ ነገር መጉደል ነው። ብዙውን ጊዜ ልጁ ጉድለቱን የሚወርሰው ከእናቱም ከአባቱም ነው። ሁለቱ ወላጆች መልካቸው እንደማንኛውም ሰው ሆኖ ዘረ መሉን በውስጣቸው ተሸክመው እንደሆነ፣ በየእርግዝናው ከአራት አንድ ዕድል አለ። እንግዲህ «ከፈረንጅ ወለድሽ» ብሎ ሚስቱን ጥሎ የሚሄደው ባል የራሱን ድርሻ ዘንግቷል ማለት ነው።

ስለ ቆዳቸው ብዙ ተብሏል፤ ስለ ዓይናቸው ግን ጥቂት ነው። የአልቢኖ ዓይን ብዙ ጊዜ ይርገበገባል፤ መነጽርም ቢደረግለት ፈጽሞ አይስተካከልም። ስለዚህ ልጅቱ ማዶ የቆመውን ሰው ለይታ አታውቀውምና ሰላምታ ሳትሰጥ ታልፋለች። ሰላምታ በተከበረበት አገር ይህ ምን እንደሚያስከትል አንባቢ ያውቀዋል፤ ኩሩ ትባላለች። ሊያጫት የመጣውም ሰው የዓይኗን መንቀሳቀስ አይቶ ልቧ ሌላ ዘንድ ነው ይላል። በልጅነቷ በስዋሂሊ «ዜሩ ዜሩ» እየተባለች የተሰደበች ሴት፣ በዚህ ላይ ይህ ሲጨመርባት ስለ ራሷ ምን ልታስብ ትችላለች?

ከዚህ የከፋም አለ። ከአልቢኖ ሴት ጋር መተኛት ኤድስን ይፈውሳል የሚል ሐሰተኛ ወሬ በአንዳንድ የአፍሪካ አገሮች ተሰራጭቶ ሴቶችን ለመደፈር አጋልጧል። እንዲህ ያለ ወሬ በሚነገርበት ሥፍራ አንድ ወንድ «እወድሻለሁ» ቢላት፣ ወድዶ ይሁን ወይም መድኃኒት ፈልጎ በምን ታውቃለች?

አማቾችም የሚፈሩት የልጅ ልጆቻቸውን መልክ ነው። ባልየው ዘረ መሉን ካልተሸከመ ግን ከእርሷ የሚወለዱት ሁሉ እንደ አባታቸው ቀለም ያላቸው ይሆናሉ፤ ተሸካሚ ከሆነ ከሁለት አንድ ዕድል አለ። ይልቅስ አማት ልታውቀው የሚገባት፣ ምራቷ በቀትር እርሻ አልወርድም ብትል ከስንፍና አለመሆኑን ነው። ፀሐይ ለእርሷ የቆዳ ካንሰር ታመጣባታለች። በታንዛንያ በሞሺ ከተማ ለእነዚህ ሰዎች ተብሎ የፀሐይ መከላከያ ቅባት መሠራት የጀመረው ስለዚሁ ነው።

በኬንያ ሙምቢ ንጉጊ የተባሉት አልቢኖ ሴት በ2011 እ.ኤ.አ. የከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነው ተሾሙ፤ በ2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ ወደ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ከፍ አሉ። እኛ የቁንጅና ውድድር እምብዛም የምናደንቅ አይደለንም። ሆኖም በ2016 እ.ኤ.አ. በናይሮቢ የተደረገውን የአልቢኖዎች የቁንጅና ውድድር ከሌሎቹ ለይተን እናየዋለን፤ በዚያ ምሽት ባርኔጣና እጀ ረጅም ልብስ ሳያስፈልጋቸው በሕዝብ ፊት ተመላለሱ።