ለቤት የሚሆን የሲኒማ መኪና ስለ መምረጥ

ቤቱን በሚገባ የሚያስተዳድር ሰው ልብስ ከማሰፋቱ አስቀድሞ የለባሹን ቁመት ያስለካል፤ ቤት ከመሥራቱም አስቀድሞ መሬቱን ይመረምራል። ፕሮጀክተር የተባለውን፥ በግድግዳ ላይ ተንቀሳቃሽ ሥዕል የሚያሳየውን መኪና የሚገዛ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ይህን ሥርዓት ይረሳል። በነጋዴው ጨለማ ክፍል ውስጥ ያማረውን መርጦ ይገዛል፤ ወደ ቤቱ ወስዶ መስኮቱ በተከፈተ እልፍኝ ባቆመው ጊዜ ግን ሥዕሉ ጭጋግ እንደ ጋረደው ሆኖ ያገኘዋል። ገንዘቡ ወጣ፤ ቤተ ሰቡም ሳይደሰት ቀረ። ስለዚህ አስቀድሞ ቤቱን፥ ከዚያ በኋላ መኪናውን መመርመር እንደሚገባ ከዚህ ቀጥሎ እናስረዳለን።

ሉሚዬር የተባሉት ሁለት ፈረንሳውያን ወንድማማቾች ሲኒማን በፓሪስ ከተማ ለሕዝብ በክፍያ ያሳዩት በታኅሣሥ ወር 1888 ዓ.ም. (በኤውሮጳ አቆጣጠር በ1895) ነው። ይህ ጥበብ ወደ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ ሕዝቡ ሥዕሉ የሚታይበትን ቤት «ሰይጣን ቤት» ብሎ ሰይሞት ነበር። ዛሬ ግን ያ ያስፈራ የነበረው ነገር በትንሽ ሣጥን ተከቶ በእልፍኝ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል።

መጀመሪያ መመርመር የሚገባው የክፍሉ ብርሃን ነው። ፕሮጀክተር ብርሃንን ይጨምራል እንጂ ጨለማን ሊጨምር አይችልም፤ በሥዕሉ ላይ ጥቁር መስሎ የሚታየው የመኪናው ብርሃን ያልወደቀበት የግድግዳው ክፍል ነው። እንግዲህ ግድግዳው በቀን ብርሃን ነጭ ሆኖ የታየ እንደ ሆነ፥ በሥዕሉ ውስጥ ያለው ሌሊት ሁሉ ይነጣል። የመኪናው ብርሃን ሉመን በሚባል መስፈሪያ ይለካል። መጋረጃው ተዘግቶ በሚጨልም ክፍል ከ1500 እስከ 2000 ሉመን ይበቃል፤ መብራት እየበራ ለሚታይበት እልፍኝ ግን ከ3000 የበለጠ ያስፈልጋል። የሥዕሉ ወርድና ቁመት እጥፍ በሆነ ጊዜ ብርሃኑ በአራት እጥፍ ቦታ ላይ ስለሚበተን ድምቀቱ ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። ደግሞም ነጋዴው የሚነግረን ቁጥር «አንሲ» ወይም «አይ ኤስ ኦ» በተባለው ደንብ የተለካ መሆኑን መጠየቅ ይገባል፤ በርካሽ መኪኖች ሣጥን ላይ የሚጻፈው ታላቅ ቁጥር ብዙ ጊዜ ከዚህ ደንብ ውጭ ነውና።

ሁለተኛው ነገር ርቀቱ ነው። አንዳንዱ መኪና ወርዱ 2 ሜትር የሆነ ሥዕል ለማሳየት 3 ሜትር ያህል መራቅ ይፈልጋል። ሌላው ግን ከግድግዳው ሥር ጥቂት ሳንቲ ሜትር ርቆ ይሠራል፤ ልጆች ሲመላለሱም ጥላቸው ሥዕሉን አይሸፍነውም።

ቤቱ ከታወቀ በኋላ ዓይነቱን መምረጥ ይቀላል። ኤል ሲ ዲ ከተባሉት መልካሞቹ ብርሃኑን ቀይ፥ አረንጓዴና ሰማያዊ አድርገው ከፍለው በሦስት ስስ ገጾች ያሳልፉታል፤ ቀለማቸው ደማቅ ስለ ሆነ ብርሃን ላለበት እልፍኝ ይስማማሉ፤ ነገር ግን ጥቁሩ ወደ ግራጫ ያዘነብላል፤ የአቧራ ማጣሪያቸውንም በየጊዜው ማጽዳት ያስፈልጋል። ዲ ኤል ፒ የተባለው ላሪ ሆርንቤክ የተባለ አሜሪካዊ በ1987 በኤውሮጳ አቆጣጠር በቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ኩባንያ በፈለሰፈው ጥበብ ይሠራል፤ እጅግ ጥቃቅን የሆኑ መስተዋቶች በየቅጽበቱ እየተዘነበሉ ሥዕሉን ጥርት አድርገው ያወጣሉ። በተራ ዋጋ የሚሸጠው ግን ቀለሞቹን በየተራ ስለሚያሳይ አንዳንድ ሰው በሥዕሉ ዳር ቀስተ ደመና የመሰለ ነገር ያያል፤ አጠገቡ የተቀመጠው ምንም ላያይ ይችላል። ሦስተኛው ኤል ኮስ ነው። ጥቁሩ ከሁሉ የጠለቀ፥ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ከሁሉ የከበደ ስለ ሆነ፥ ፈጽሞ የሚጨልም ክፍል ለሌለው ሰው ወጪው ከንቱ ነው።

የብርሃኑም ምንጭ ሊታሰብበት ይገባል። በአምፑል የሚሠራው ሲገዛ ይረክሳል፤ ነገር ግን አምፑሉ 4000 ሰዓት ያህል የሚያገለግል ቢሆን፥ በቀን 3 ሰዓት ለሚያይ ቤተ ሰብ ከአራት ዓመት በፊት መለወጥ አለበት። የሌዘር ብርሃን ግን 20000 ሰዓት ያህል ስለሚቆይ በዚሁ ልክ ከ18 ዓመት ይበልጣል። ደግሞም በአምፑል የሚሠራው ከጠፋ በኋላ ማራገቢያው ጥቂት ደቂቃ እየዞረ ሊያበርደው ይገባል፤ ኤሌክትሪክ በድንገት በሚቋረጥበት ቦታ አምፑሉ እንደ ጋለ ስለሚቀር ዕድሜው ያጥራል። በዚህ ረገድ ሌዘርና ኤል ኢ ዲ ይሻላሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ስስ ነው፤ ስስ አየርም መኪናውን በሚገባ አያበርድም። ስለዚህ ብዙዎቹ መኪኖች ማራገቢያቸውን የሚያፈጥን የከፍተኛ ቦታ ማስተካከያ አላቸው፤ ባለቤቱ ከመኪናው ጋራ የመጣውን መጽሐፍ አንብቦ ይህን ማስተካከያ ይክፈተው።

በመጨረሻም መኪናው ከመገዛቱ በፊት ቢቻል በራስ ቤት፥ ዘወትር በሚታይበት ሰዓት፥ ቤተ ሰቡ ሁሉ ተሰብስቦ ይፈትነው። የአባት ዓይን ያልተቸገረበትን የልጅ ወይም የእናት ዓይን ሊቸገርበት ይችላልና። ሕፃናትም ወደ መኪናው መስተዋት ቀርበው ብርሃኑን ፊት ለፊት እንዳይመለከቱ መከልከል የወላጅ ግዴታ ነው። በዚህ ሥርዓት የተመረጠ መኪና ዋጋው መካከለኛ ቢሆንም፥ ሽማግሌውንና ሕፃኑን በአንድ እልፍኝ ሰብስቦ ለብዙ ዘመን ያስደስታል።