እሳት የማይበግረው፣ ስንጥቅ የሚረታው፦ የከፍተኛ ሙቀት ሴራሚኮች ጥንካሬና ዕድሜ

በጄት ሞተር እምብርት ውስጥ የሚነደው ጋዝ ከ1,500 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይሞቃል። ይህን ጋዝ ተጋፍጠው የሚሽከረከሩት የተርባይን ብሌዶች የሚሠሩት ግን 1,350 ዲግሪ አካባቢ ላይ ከሚቀልጥ የኒኬል ቅይጥ ነው። የማይቀልጡት በውስጣቸው በተሠሩ ቀጫጭን ቀዳዳዎች ቀዝቀዝ ያለ አየር ስለሚነፋባቸውና ገላቸው በዚርኮኒያ ስለተለበጠ ነው። ማቀዝቀዣው አየር ደግሞ ከሞተሩ መጭመቂያ ተቀንሶ የሚመጣ ስለሆነ ዋጋ ያስከፍላል፤ ለማቀዝቀዝ የዋለ አየር ለኃይል አይውልም። ከኒኬል የበለጠ ሙቀት የሚችል ቁስ ያገኘ ነዳጅ ይቆጥባል ማለት ነው።

ሲያዩዋቸው ሴራሚኮች ለዚህ ሥራ የተፈጠሩ ይመስላሉ። አሉሚና 2,050 ዲግሪ ገደማ እስኪደርስ አይቀልጥም፤ ዚርኮኒያ እስከ 2,700 ይዘልቃል፤ ሲሊከን ካርባይድም በእነዚህ ሙቀቶች ጠጣር እንደሆነ ይቆያል፤ ክብደቱም የኒኬል ቅይጥ ሲሶ ቢሆን ነው። የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ክሊንከር የሚያበስሉበትን 1,450 ዲግሪ የሚደርስ እቶን ከውስጥ የሸፈነው የሴራሚክ ጡብ ነው። የጡቡ ዋነኛ ሥራ ግን ሙቀቱን መቻል ነው። የሞተር አካል ሙቀቱን እየቻለ ይሳባል፣ ይታጠፋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ በደቂቃዎች ውስጥ ሞቆ ይቀዘቅዛል። የዚህ መስክ ታሪክም ሙቀትን ስለማሸነፍ ከሚናገረው ይልቅ ስለ ስንጥቅ የሚናገረው ይበልጣል፦ በመጀመሪያ ስንጥቅን ለማስቀረት ተሞከረ፤ ቀጥሎ ከስንጥቅ ጋር መኖር ተቻለ፤ ዛሬ ትግሉ በስንጥቁ ከሚገባው አየር ጋር ነው።

ለምን ይሰበራል?

እንግሊዛዊው መሐንዲስ አለን አርኖልድ ግሪፊዝ በፋርንቦሮ የአውሮፕላን ምርምር ተቋም ሲሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መባቻ የብርጭቆ ዘንጎችንና ክሮችን እየሳበ በጠሰ። 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው 170 ሜጋ ፓስካል ገደማ ላይ ተበጠሰ። ወደ 3 ማይክሮን የቀጠነው ግን 3,400 ሜጋ ፓስካል ገደማ ቻለ። ያው ብርጭቆ፣ የሃያ እጥፍ ልዩነት። የግሪፊዝ መልስ እንዲህ ነበር፦ የሚሰብረው በቁሱ ውስጥ ያለ ጥቃቅን እንከን ነው፤ ጭነቱ በእንከኑ ጫፍ ላይ ይከማቻል፤ ክሩ ሲቀጥን ለትልቅ እንከን የሚሆን ቦታ የለውም።

ብረትም እንከን አለበት። ሆኖም በስንጥቁ ጫፍ ላይ ያለው ብረት ተለጥጦ ጫፉን ያደነዝዘዋል። በሴራሚክ ውስጥ አተሞቹ በጥብቅ ስለተሳሰሩ አይንሸራተቱም፤ ስንጥቁ እንደሾለ ይሮጣል። ስንጥቅን የመቋቋም አቅም የሚለካው በሜጋ ፓስካል ስኩዌር ሩት ሜትር ነው፤ ተራ ሴራሚክ ከ3 እስከ 5 ያስመዘግባል፣ ጥሩ የሞተር ብረት ከ50 ይበልጣል። ቁጥሩ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ በስሌት ይታያል። 400 ሜጋ ፓስካል የተጫነበት፣ 4 የሚለካ ሴራሚክ 30 ማይክሮን ገደማ በሆነ ስንጥቅ ይሰበራል፤ ከፀጉር ውፍረት ያነሰ ነው። 60 የሚለካ ብረት በዚያው ጭነት ሥር 7 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ስንጥቅ ይሸከማል። የብረቱን ስንጥቅ መርማሪ በዓይኑ ሊያየው ይችላል፤ የሴራሚኩን ማግኘት በራጅም ያስቸግራል።

ስዊድናዊው መሐንዲስ ዋሎዲ ቫይቡል እ.ኤ.አ. በ1939 ይህን በዕድል ስሌት አሰፈረው። አንድ ሴራሚክ አንድ ቁርጥ ያለ የጥንካሬ ቁጥር የለውም፤ ያለው የመሰበር ዕድል ነው። በዚህ ስሌት፣ የጥንካሬው መዋዠቅ መለኪያ 10 በሆነ ሴራሚክ፣ የዕቃው መጠን ሺህ እጥፍ ሲያድግ ጥንካሬው በግማሽ ይወርዳል። በላቦራቶሪ በትንሽ ናሙና የተገኘ ቁጥር ለትልቅ የሞተር አካል በቀጥታ የማይሠራው ለዚህ ነው። ጊዜም የራሱን ይጨምራል፦ ወዲያው የማይሰብር ጭነት እርጥበት ባለበት አየር ስንጥቁን ቀስ እያለ ሊያሳድገው ይችላል፤ በከፍተኛ ሙቀት ደግሞ ቁሱ ጭነት እንደተሸከመ ቀስ በቀስ ይረዝማል። መሐንዲሶች ይህን ክሪፕ ይሉታል።

ያለ ፋይበር የተደረገው ሙከራ

እ.ኤ.አ. በ1971 የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ድርጅት ፎርድንና ዌስቲንግሃውስን አሰልፎ የሴራሚክ ጋዝ ተርባይን ለመሥራት ተነሣ። ተስፋ የተጣለው በሲሊከን ናይትራይድ ላይ ነበር። የዚህ ቁስ ቅንጣቶች ረጃጅም ሆነው እርስ በርስ ስለሚቆላለፉ ስንጥቁ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ መታጠፍ ይገደዳል። ኒሳን እ.ኤ.አ. በ1985 የሲሊከን ናይትራይድ ቱርቦቻርጀር ያለው መኪና ለገበያ አቀረበ፤ የቱርቦቻርጀሩ የሚሽከረከር አካል ቀላል ስለነበር ፈጥኖ ይነሣ ነበር። በትልቅ ተርባይን ግን ሁለት ነገር አገደው። ቁሱ ሲጋገር በቅንጣቶቹ መካከል የሚቀረው ብርጭቆ መሰል ስስ ንብርብር በከፍተኛ ሙቀት ይለሰልሳል፤ ሞተሩ የሚውጠው ቁራጭ ወይም ፍርስራሽ ሲመታውም ብሌዱ ሳይጣመም ይፈረካከሳል።

እ.ኤ.አ. በ1975 አውስትራሊያውያኑ ጋርቪ፣ ሃኒንክና ፓስኮ ሌላ ዘዴ አሳወቁ። በዚርኮኒያ ውስጥ ያሉ አንዳንድ ቅንጣቶች ስንጥቅ ሲቀርባቸው የአተም አደራደራቸውን ይለውጡና በ4 በመቶ ገደማ ያብጣሉ፤ እብጠቱ ስንጥቁን መልሶ ይጨምቀዋል። ለሰው ሠራሽ ጥርስና ለመቁረጫ ስለት ድንቅ መፍትሔ ሆነ። ለተርባይን ግን አልበጀም፤ ቅንጣቶቹን ለለውጥ የሚገፋፋቸው ኃይል ሙቀት ሲጨምር ይከስማል። ዘዴው በብርቱ በሚፈለግበት ሰዓት ይጠፋል።

ክሩ ሲገባ

ጭቃ ቤት የሚሠራ ሰው ጭቃውን በጤፍ ጭድ ያቦካል፤ ግድግዳው ሲደርቅ ቢሰነጠቅም ጭዱ ስንጥቁን ተሻግሮ ስለሚይዘው አይፈርስም። የፋይበር ሴራሚክም መነሻ ሐሳቡ ይኸው ነው። ችግሩ ከ1,000 ዲግሪ በላይ የሚቆይ ክር ከየት ይምጣ የሚለው ነበር። የካርቦን ክር ጥንካሬ አለው፣ ነገር ግን አየር ባለበት ከ500 ዲግሪ ጀምሮ ይቃጠላል።

መልሱ እ.ኤ.አ. በ1975 ከጃፓን መጣ። የቶሆኩ ዩኒቨርሲቲው ሴይሺ ያጂማ ሲሊከንና ካርቦን ያለበት ፖሊመር አቅልጦ እንደ ናይለን ክር ከጎተተ በኋላ አጠነከረውና ጋግሮ ወደ ሲሊከን ካርባይድ ለወጠው። ኒፖን ካርቦን የተባለው ኩባንያ ኒካሎን ብሎ ለገበያ አወጣው። የመጀመሪያው ትውልድ ክር ሲጠነክር በገባበት ኦክስጅን ምክንያት ከ1,200 ዲግሪ በላይ ከውስጡ ጋዝ እያመነጨ ይዳከም ነበር። ኋላ ክሩን በኤሌክትሮን ጨረር ማጠንከር ሲቻል ኦክስጅኑ ቀነሰ፤ ዛሬ የሚታወቁት ሃይ-ኒካሎንና ሃይ-ኒካሎን ታይፕ ኤስ ከዚያ የተገኙ ናቸው። የአንዱ ክር ውፍረት 12 ማይክሮን ገደማ ሲሆን 500 ያህሉ አንድ ላይ ተጠቅልለው ይሸመናሉ።

የዚህ ቁስ ምስጢር ግን ክሩ ላይ ብቻ አይደለም። ሲሊከን ካርባይድ ክርን በሲሊከን ካርባይድ አካል ውስጥ አጥብቆ ማጣበቅ ጥቅም የለውም፤ ስንጥቁ ክሩን እንደማንኛውም አካል ቆርጦ ያልፋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ክር ከ1 ማይክሮን በማይበልጥ የካርቦን ወይም የቦሮን ናይትራይድ ሽፋን ይለበጣል። ሽፋኑ ሆን ተብሎ ደካማ ነው። ስንጥቁ ሲደርስበት ወደ ጎን ይታጠፋል፣ ክሩን ከአካሉ ያላቅቃል፣ ክሩም ሳይበጠስ ስንጥቁን ተሻግሮ ጭነቱን ይይዛል።

ናሙና ሲሳብ ይህ በግልጽ ይታያል። ጭነቱ 150 ወይም 200 ሜጋ ፓስካል አካባቢ እስኪደርስ የጭነቱና የመለጠጡ ግራፍ መስመር ቀጥ ብሎ ይወጣል። ከዚያ የአካሉ የመጀመሪያ ስንጥቅ ይከፈታል፤ በናሙናው ላይ የተለጠፈው የድምፅ መቅረጫ ተንጫጭቶ ይመዘግበዋል። መስመሩ ጎንበስ ይላል እንጂ አይወድቅም፤ ስንጥቆቹ በዝተው በየተወሰነ ርቀት ይደረደራሉ፤ ክሮቹ ጭነቱን ተረክበው እስከ 300 ወይም 400 ሜጋ ፓስካል ይዘልቃሉ። ተራው ሴራሚክ በ0.1 በመቶ መለጠጥ ሲሰበር ይህኛው 0.5 በመቶና ከዚያ በላይ ይሄዳል። የተሰበረው ገጽ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ከአካሉ ተመዝዘው የወጡ የክር ጫፎች ቆመው ይታያሉ። ጫፎቹ ከሌሉና ገጹ ልሙጥ ከሆነ ሽፋኑ ሥራውን አልሠራም ማለት ነው።

አካሉን በክሮቹ መካከል ለመሙላት ሦስት መንገዶች አሉ። በጋዝ ማስረግ ንጹሕ ሲሊከን ካርባይድ ይሰጣል፤ ሳምንታት ይፈጃል፣ ከ10 እስከ 15 በመቶ ቀዳዳም ይተዋል። ፖሊመር አስርጎ መጋገር ርካሽ ነው፤ ፖሊመሩ ሲጋገር ስለሚኮማተር ሥራው ብዙ ጊዜ ይደገማል። የቀለጠ ሲሊከን ማስረግ ፈጣንና ድፍን አካል የሚያስገኝ ነው፤ ሳይዋሐድ የሚቀረው ሲሊከን ግን 1,414 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ የሥራ ሙቀቱም በ1,300 አካባቢ ይገደባል።

ዕድሜውን የሚያሳጥረው

ሲሊከን ካርባይድ በደረቅ አየር ሲሞቅ ገጹ ላይ ሲሊካ ይፈጠራል፤ ሲሊካው ኦክስጅን እንዳያልፍ ይጋርዳል። እዚህ ላይ ያልታሰበ ነገር ይመጣል። አካሉ ከተሰነጠቀ በኋላ አደገኛው ሙቀት ከፍተኛው አይደለም። ከ1,000 ዲግሪ በላይ ሲሊካው ፈጥኖ ስለሚፈጠር ስንጥቁን ይደፍነዋል። ከ700 እስከ 900 ዲግሪ ባለው ግን ሲሊካው ቀርፋፋ ነው፤ አየሩ በክፍት ስንጥቅ ገብቶ የክሩን ስስ ሽፋን ይበላል። ሽፋኑ የካርቦን ከሆነ ተቃጥሎ ይጠፋል፤ የቦሮን ናይትራይድ ከሆነ ወደ ብርጭቆ ተለውጦ ክሩን ከአካሉ ጋር ያጣብቃል፤ ተጣብቆ የቀረ ክር ደግሞ እንደ ተራ ሴራሚክ ይበጠሳል። በዚህ ምክንያት ንድፍ አውጪዎች ዘወትር የሚፈቅዱት ጭነት የመጀመሪያው ስንጥቅ ከሚከፈትበት በታች ነው። ከዚያ በላይ ያለው ጥንካሬ ለአደጋ ጊዜ የተቀመጠ ነው።

ሁለተኛው ጠላት የውሃ ተን ነው። ነዳጅ ሲቃጠል ውሃ ይፈጠራል፤ የውሃው ተን ከሲሊካው ጋር ተዋሕዶ በጋዝ መልክ ይዞት ይሄዳል። ሲሊካው እየተፈጠረ እየተነነ፣ ቁሱ ከዓመት ዓመት ይሳሳል። በሶላር ተርባይንስ ኩባንያ የኢንዱስትሪ ሞተሮች ላይ የተሞከሩ ያልተለበጡ የማቃጠያ ክፍል ግድግዳዎች 5,000 ሰዓት ገደማ ቆዩ። ከውሃ ተን የሚጠብቅ ሽፋን የተደረገላቸው በካሊፎርኒያ ወደ 14,000 ሰዓት ሠሩ። ሽፋኑ ለብረት የሚውለው ዚርኮኒያ ሊሆን አይችልም፤ ሲሞቅ ከሲሊከን ካርባይድ በእጥፍ ገደማ ስለሚሰፋ ተሰንጥቆ ይላቀቃል። ዛሬ ከሥር የሲሊከን ንብርብር፣ ከላይ እንደ ኢተርቢየም ዳይሲሊኬት ያለ መስፋቱ የሚመጣጠን ቁስ ይደረጋል።

ሦስተኛው አቧራ ነው። ሞተሩ የሚስበው የበረሃ አሸዋ ወይም የእሳተ ገሞራ አመድ ከ1,200 ዲግሪ በላይ ቀልጦ በሽፋኑ ላይ እንደ ብርጭቆ ይፈስሳል፣ ይሰርጋል፣ ሽፋኑንም ያሟሟል። የሞተሩ ሙቀት በጨመረ ቁጥር ይህ ችግር ይብሳል እንጂ አይቀልም።

ዘመዶቹ

ኦክሳይድ በኦክሳይድ የሚባለው ዘር የአሉሚና ክር በቀዳዳማ አሉሚና ውስጥ ያኖራል። ቀድሞውኑ ኦክሳይድ ስለሆነ የሚቃጠል ሽፋን የለውም፤ ስንጥቁን የሚያዞረው ቀዳዳማው አካል ራሱ ነው። ክሩ ከ1,000 እስከ 1,200 ዲግሪ ሲሞቅ ስለሚረዝም ቦታው የሞተር ጭስ ማውጫ አካባቢ ነው። ካርቦን በካርቦን የተባለው ከሁሉ በላይ ሙቀት ይችላል፤ የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩሮች አፍንጫና የክንፍ ጠርዝ በእርሱ የተሠሩ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በጥር 2003 ከነዳጅ ጋኑ የተገነጠለ የፎም ቁራጭ ኮሎምቢያ የተባለችውን መንኮራኩር ግራ ክንፍ ጠርዝ መታ፤ ሰባቱ ጠፈርተኞች በየካቲት ወር ሲመለሱ በዚያ በኩል በገባ ጋለ ጋዝ ሕይወታቸው አለፈ። መርማሪዎች በኋላ ተመሳሳይ ፎም በመሰል ክንፍ ጠርዝ ላይ ሲተኩሱ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ቀዳዳ ከፈተ። ቁሱ ሙቀቱን ችሎ ነበር፤ ያልቻለው ምቱን ነው። ካርቦን ከሲሊከን ካርባይድ ጋር የተዋሐደበት ዝርያ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በፖርሽ መኪኖች ፍሬን ላይ ይገኛል።

ዛሬ የት ደርሷል?

በፈረንሳይ የራፋል ተዋጊ ጄት ሞተር ጭስ ማውጫ ክዳኖች እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ከፋይበር ሴራሚክ ተሠርተዋል። በንግድ አቪዬሽን ትልቁ እርምጃ እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራ የጀመረው ሊፕ ሞተር ነው፤ የተርባይን ብሌዶቹን ጫፍ የከበበው የማይሽከረከር ቀለበት ከሲሊከን ካርባይድ ፋይበር ሴራሚክ የተሠራ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ 737 ማክስ አውሮፕላኖችም የሚበሩት በዚሁ ሞተር ነው። አየር መንገዱ እ.ኤ.አ. በ2024 ያዘዘው 777-9 በሚነሣበት ጂኢ9ኤክስ ሞተር ላይ ቁሱ እስከ ማቃጠያ ክፍሉ ግድግዳ ዘልቋል። የሚሽከረከሩት ብሌዶች ገና ናቸው፤ የማይንቀሳቀስ አካል ሲሰነጠቅ ይቀየራል፣ በደቂቃ በሺዎች ጊዜ የሚዞር ብሌድ ሲሰበር ግን ሞተሩን ይዞ ይሄዳል። ከፉኩሺማ አደጋ በኋላ ደግሞ የኑክሌር ኢንዱስትሪው በእንፋሎት ውስጥ ሃይድሮጅን እያመነጨ በሚቃጠለው የዚርኮኒየም ቱቦ ምትክ የሲሊከን ካርባይድ ፋይበር ቱቦ ለማስገባት እየሠራ ነው።

ዋጋው ገና ከባድ ነው፤ ጥሩው ክር በኪሎ በሺዎች ዶላር ይሸጣል። ከዋጋው በላይ የሚያስቸግረው ግን ምስክርነት ነው። አንድ የሞተር አካል በአስር ሺዎች ሰዓት እንዲያገለግል ይፈለጋል፤ ያን ያህል ሰዓት በላቦራቶሪ ለመሞከር ዓመታት ያስፈልጋሉ፤ ሙቀቱን ጨምሮ ሙከራውን ማፋጠን ደግሞ አያዋጣም፤ ከላይ እንዳየነው ለተሰነጠቀ አካል መካከለኛው ሙቀት ከከፍተኛው ሊብስ ይችላልና። ስለዚህ ስለ አንድ አዲስ ሴራሚክ ይህን ያህል ሺህ ዲግሪ ይችላል የሚል ዜና ሲሰማ ቁጥሩ ብቻውን ብዙ አይናገርም። ስንት ሜጋ ፓስካል ተሸክሞ፣ ለስንት ሰዓት፣ በምን ዓይነት አየር ውስጥ? እነዚህ ሦስቱ ካልተመለሱ የተነገረን ስለ መቅለጥ ነው፤ የዚህ መስክ ጥያቄ ደግሞ መቅለጥ ሆኖ አያውቅም።