ቤዝ በጣት ወይስ በፒክ? ክራር መቺን ጠይቁ

ቤዝ ጊታር መማር የጀመረ ሰው ብዙም ሳይቆይ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፤ ክሩን በጣት ልምታ ወይስ በፒክ? ደብረ ታቦርም ሆነ ጋፋት ያላችሁ ወዳጆቼ በዚሁ ስትከራከሩ ሰምቻለሁ። አንዱ «ፒክ የጊታሪስት ነው፣ ቤዝ በጣት ነው» ይላል፤ ሌላው «በጣት ብትመታው ከበሮው ይውጠዋል» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም እውነት ይዘዋል። እኔን ደስ የሚለኝ ግን ክርክሩ ለእኛ አገር እንግዳ አለመሆኑ ነው። ቤዝ ጊታር ከመሠራቱ እጅግ ቀደም ብሎ ክራር መቺዎቻችን ጉዳዩን ጨርሰውታል፤ የጨረሱትም አንዱን ይዘው ሌላውን በመጣል አይደለም።

ክራር የሚመታው በሁለት መንገድ ነው። በድርደራ ጊዜ ጣቶች ክሮቹን አንድ በአንድ ይነካሉ፤ ዜማው በእርጋታ፣ ከዘፋኙ ድምፅ ጋር እየተነጋገረ ይወጣል። በግርፍ ጊዜ ደግሞ ቀኝ እጅ መግረፊያ፣ ማለትም የክራሩን ፒክ፣ ይዞ አምስቱን ወይም ስድስቱን ክር በአንድ ምት ይጠርጋል። እዚህ ላይ ትንሽ ቆዩልኝ፤ የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚህ ነው። ሁሉም ክር አብሮ ከተመታ ዜማው ከየት ይመጣል? ከግራ እጅ ነው። የግራ እጅ ጣቶች ከክሮቹ ጀርባ ሆነው እንዳይጮኹ የተፈለጉትን ነክተው ያፍናሉ፤ እንዲጮህ ከተፈለገው ክር ላይ ብቻ ጣት ይነሳል። መግረፊያው ምቱን ይሰጣል፤ ዜማውን የሚሠራው የሚያፍነው እጅ ነው።

ቤዝ ለሚማር ሰው ከዚህ የበለጠ ትምህርት አላውቅም። «በምን ልምታ?» ብሎ የሚጨነቅ ጀማሪ ብዙውን ጊዜ «የመታሁትን በምን ላስቁም?» ብሎ አይጠይቅም። የቤዝ ክር ወፍራም ነው፤ አንዴ ከተነካ ብዙ ይቆያል፤ ካልታፈነ ቀጣዩን ድምፅ ያጨቀየዋል። በጣትም በፒክም የሚመታ ጥሩ ቤዚስት ስትሰሙ የሚማርካችሁ ንጽሕና ከማፈን የመጣ ነው።

በገናም ሁለቱን መንገዶች ያውቃል። አሥር ክር አለው፤ በጣት የሚደረድሩት ብዙዎቹ ግን ሁሉንም አያስጮኹም፤ የቀሩት ክሮች የነካው ጣት ሄዶ የሚያርፍባቸው ናቸው። በመግረፊያ የሚመቱት አሥሩንም ይጠቀማሉ። የቤዝ ጊታር ተማሪ ይህንን ማረፊያ ወዲያው ያውቀዋል፤ ጠቋሚ ጣት አንዱን ክር መትቶ ከላዩ ባለው ክር ላይ ሲያርፍ የነካውን ያስጮሃል፣ ያረፈበትን ያፍናል። አንድ እንቅስቃሴ ሁለት ሥራ ይሠራል። የጣት ትልቁ ጥቅም ለእኔ ይህ ነው።

አሁን ወደ ድምፁ እንግባ። ጠረጴዛውን በጣታችሁ ሥጋ ምቱት፤ ቀጥሎ በጥፍራችሁ። የመጀመሪያው ድፍን አለ፣ ሁለተኛው ቀጭ አለ። ክር ላይም የሚሆነው ይኸው ነው። የቤዝ ዝቅተኛው ክር፣ ኢ የሚባለው፣ በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ ግን ብቻውን አይደለም። አብረውት በእጥፍ፣ በሦስት እጥፍ፣ በአራት እጥፍ ፍጥነት የሚርገበገቡ ቀጫጭን ድምፆች አሉ። የጣት ጫፍ ሰፊና ለስላሳ ስለሆነ እነዚህን ቀጫጭን ድምፆች ገና ሲነካ ያደክማቸዋል፤ ዋናው ወፍራም ድምፅ ይጎላል። ፒክ ግን ጠባብና ጠንካራ ነው፤ ክሩን ነክቶ ድንገት ይለቀዋል፤ ቀጫጭኖቹ ሁሉ ይነቃሉ።

የምትመቱበት ቦታም ይህንኑ ያህል ይለውጣል። ወደ አንገቱ ስትጠጉ ድምፁ ይወፍራል፣ ይለሰልሳል፤ ወደ ብርኩማው፣ ክሮቹ ወደሚደገፉበት ድልድይ፣ ስትጠጉ ይደርቃል፣ ይጠራል። ስለዚህ ፒክ ልትገዙ ከመሮጣችሁ በፊት እጃችሁን አንድ ስንዝር ወደ ብርኩማው ወስዳችሁ በጣት ሞክሩት። የፈለጋችሁት ድምፅ እዚያ ሊገኝ ይችላል።

የሠርግ ዳስ ውስጥ ግን ሌላ ነገር ይመጣል። ትንሽ ድምፅ ማጉያ በሰከንድ 41 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ በደንብ ማውጣት አይችልም። ጆሯችን ከእንዲህ ዓይነት ማጉያ ቤዙን የሚይዘው በእነዚያ ቀጫጭን ድምፆች አማካይነት ነው። በጣት ለስልሶ የተመታ ቤዝ ግማሹ እዚያው ይቀራል፤ የቀረውም ከከበሮው ጋር ተቀላቅሎ ይጠፋል። በፒክ የተመታው ግን መነሻው ስለሚሰማ ከሕዝቡ ጭብጨባ መሐል ይለያል። «ከበሮው ይውጠዋል» ያለው ወዳጃችን ያየው ይህንን ነው፤ ምክንያቱ ከጣቱ ጉልበት ማነስ ሳይሆን ከማጉያው ነው።

ብርዱንም አልረሳውም። ደብረ ታቦር ከ2,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ በጥር ሌሊት ውጭ ቆሞ የሚጫወት ሰው ጣቱ ይደነዝዛል። የደነዘዘ ጣት ክሩን አይሰማውም፣ ምቱም እኩል አይሆንም። ፒክ የያዘ እጅ በብርድ ይሻላል፤ በጣት የሚመታ ግን እጁን ሳያሞቅ መድረክ ላይ አይውጣ።

ከሁሉም በላይ የምወደው ክፍል ችክችካ ነው። ችክችካ ሦስት ሦስት ሆኖ የተከፈለ ስድስት ነው፤ አንድ ሁለት ሦስት፣ አራት አምስት ስድስት። ፒክ ደግሞ በተለምዶ ሁለት ሁለት ይሄዳል፤ ታች፣ ላይ። አብራችሁ ቁጠሩልኝ፦ አንድ ታች፣ ሁለት ላይ፣ ሦስት ታች፣ አራት ላይ። አያችሁ? ትከሻው ከሚነቀነቅባቸው ሁለት ጠንካራ ቦታዎች አንደኛው በታች ምት፣ ሁለተኛው በላይ ምት ላይ ወደቀ። የላይ ምት በተፈጥሮው ስለሚደክም እስክስታው ያነክሳል። መፍትሔው ሁለት ነው። ወይ የላይ ምታችሁን ከታቹ እኩል እስኪሆን ማሠልጠን፣ ወይ «ታች ላይ ታች፣ ታች ላይ ታች» እያላችሁ በየሦስቱ መጀመሪያ ወደ ታች መመለስ። ሁለተኛው ለክብደቱ ግሩም ነው፤ ዘፈኑ በጣም ሲፈጥን ግን እጅ ይደክማል።

በሁለት ጣት የሚመታም ተመሳሳይ ነገር ይገጥመዋል፤ አንዴ ጠቋሚው፣ አንዴ መሐሉ ጣት ጠንካራው ቦታ ላይ ይደርሳል። በጣት በኩል ግን ፒክ የሌለው መውጫ አለ። ሦስት ጣት ተጠቀሙ፤ የቀለበት ጣት፣ የመሐል ጣት፣ ጠቋሚ። ሦስት ጣት ለሦስት ምት። የቀለበት ጣት እስኪጠነክር ወራት ይወስዳል፤ ከጠነከረ በኋላ ግን ችክችካው ራሱ የሚሮጥ ይመስላል። ቤዚስቱ ወደ ከፍተኛው እጥፍ ድምፅ ዘሎ ሲመለስም ጣት ይቀልላል፤ አንዱ ጣት ታችኛው ክር ላይ፣ ሌላው ላይኛው ላይ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ፒክ በመሐል ያለውን ክር መዝለል አለበት።

ከውጭው ዓለም ሁለት ስም ብቻ ልንገራችሁ። የፌንደር ፕሪሲዥን ቤዝ እ.ኤ.አ. በ1951 ከወጣ በኋላ በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ብዙ ዘፈን ከተቀረጸባቸው ቤዚስቶች መካከል ጄምስ ጄመርሰንና ካሮል ኬ ይገኛሉ። ጄመርሰን በዲትሮይቱ የሞታውን ስቱዲዮ በአንዲት ጠቋሚ ጣት ብቻ ይመታ ነበር። ካሮል ኬ በሎስ አንጀለስ በፒክ ትመታ ነበር፤ ክሮቹ ላይም ማፈኛ ጨርቅ ታደርግ ነበር። እሷም እንደ ክራር መቺው ምቱን በጠንካራ ነገር ሰጥታ ርዝመቱን በማፈን ወሰነችው። በፒክ የሚመታ ቤዚስት ጨርቅ ባይኖረው የቀኝ መዳፉን ጎን ብርኩማው አጠገብ ክሮቹ ላይ በስሱ ያሳርፋል።

ከእኛው ደግሞ የዋልያስ ባንድን «ቼ በለው»፣ እ.ኤ.አ. የ1977ቱን አልበም ስሙ፤ ቤዙ የመላከ ገብሬ ነው። የሮሃ ባንድን ሥራዎች ክፈቱና ጆቫኒ ሪኮን ተከተሉ። እያንዳንዱ ድምፅ የት እንደተጀመረ ብቻ ሳይሆን የት እንደቆመ አድምጡ። ቀጥሎ በክራርና በድምፁ ብቻ የሚያንጎራጉረውን ካሳ ተሰማን ስሙ፤ በአንድ መሣሪያ ላይ ምን ያህል ዝምታ እንዳለ ትደነቃላችሁ።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ትዝታን በእርጋታ ለሚያጅብ ጣት፤ ሰፊ ዳስ ውስጥ በትንሽ ማጉያ ችክችካ ለሚመታ ፒክ ከመዳፍ ጋር። ጀማሪ ከሆናችሁ በጣት ጀምሩ፤ ማፈንን በቶሎ የሚያስተምረው እሱ ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ፒክ ስትገዙ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚወፍረውን ምረጡ፤ ስሱ በቤዝ ክር ላይ ይታጠፋል። ጫፉ ከጣታችሁ ጥቂት ብቻ ይውጣ። ከዚያ ሜትሮኖሙን 60 ላይ አድርጋችሁ ሦስት ሦስቱን በአንድ ክር ላይ ምቱ፤ እያንዳንዱ ድምፅ በፈለጋችሁት ቦታ ሳይቆምላችሁ ፍጥነቱን አትጨምሩ።