ኬዙ ለምን ይነዝራል?

ኮምፒውተር ልትገዙ ስትገቡ ሻጩ ራሙን፣ ፕሮሰሰሩንና ሀርድ ዲስኩን ይደረድርላችኋል። ጥገና ላይ የምንውል ሰዎች ግን አስቀድመን የምናየው ማንም የማይጠይቀውን ነው፤ ኬዙንና በውስጡ የተቀመጠውን ፓወር ሰፕላይ። ብዙው መዘዝ የሚመጣው ከዚያ ነው።

«ኬዙን ስነካው ይነዝረኛል» የሚል ደንበኛ አይጠፋም። «የሁሉም እንደዚያው ነው» ተብሎ ይሸኛል። ምክንያቱ ግን የታወቀ ነው። ፓወር ሰፕላዩ መግቢያ ላይ የመስመሩን ረብሻ የሚያጣሩ ትንንሽ ካፓሲተሮች አሉ፤ አንዱ ጫፋቸው ከኬዙ ብረት ጋር ተያይዟል። ሶኬቱ ግራውንድ ካለው በእነሱ በኩል ወደ ኬዙ የምታልፈው ጥቂት ፍሰት ወደ መሬት ትወርዳለች። ከሌለው፣ ወይም ርካሽ ማከፋፈያ መሃል ላይ ካቋረጠው፣ ኬዙ የ220ውን ግማሽ ያህል ቮልት ተሸክሞ ይቀመጣል። ጤነኛ ፓወር ሰፕላይ ላይ ፍሰቱ እጅግ ትንሽ ስለሆነ ነገሩ ከመንዘር አያልፍም። አንድ ቀን ግን ውስጥ ያለ ሽቦ ተልጦ ብረቱን ቢነካ፣ የሚያድናችሁ ያ የሌላችሁ ግራውንድ ነበር። ስለዚህ ኬዙ ሲነዝራችሁ ከኮምፒውተር ጠጋኝ በፊት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጥሩ። እባካችሁ፣ ልጆች ባሉበት ቤት ይህን አታሳድሩት።

ከአሜሪካ የመጣ አሮጌ ዴስክቶፕ ከሆነ ደግሞ ጀርባውን ሳታዩ አትሰኩ። በብዙዎቹ ላይ 115 እና 230 የተጻፈባት፣ አብዛኛውን ጊዜ ቀይ የሆነች መቀያየሪያ አለች። 115 ላይ እንዳለች እኛ ቤት ከተሰካ፣ ለ200 ቮልት የተሠሩት ሁለቱ ትልልቅ ካፓሲተሮች እያንዳንዳቸው ወደ 310 ቮልት ይመጣባቸዋል። ይፈነዳሉ። መቀያየሪያ ከሌለውና መለያው ላይ 100–240 ከተጻፈ ግን ራሱ ስለሚለይ አትስጉ።

የዋቱን ጽሑፍም በጅምላ አትመኑ። «500 ዋት» የሚል ተለጥፎበት የ12 ቮልቱ መስመር 18 አምፔር ብቻ ከሆነ፣ ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ የሚጠጡት ከዚያ መስመር ስለሆነ፣ ለእነሱ የሚደርሰው 216 ዋት ነው። አምፔሩ እዚያው መለያው ላይ በትንንሽ ፊደል ሰፍሯል፤ እሱን አንብቡ።

ከኬዙ ውጭ ወዳሉት ስንመጣ፣ ኪቦርድ ላይ ብዙ አትጨነቁ። የአማርኛ ነው ብሎ ዋጋ የሚጨምርባችሁ ካለ ግን እለፉት፤ ኪቦርዱ ለኮምፒውተሩ የሚነግረው የትኛው ቁልፍ እንደተነካ ብቻ ነው፣ «ለ» የሚያደርገው ሶፍትዌሩ ነው። ስኳር ያለው ሻይ ከፈሰሰበት ወዲያው ነቅላችሁ ገልብጡት፤ ከቁልፎቹ ሥር በስስ ፕላስቲክ ላይ የታተሙት መስመሮች አንዴ ከተበሉ መልሶ ማስነሳቱ ከባድ ነው።

ማውስ አንዴ ስትጫኑት ሁለቴ መቁጠር ከጀመረ አትጣሉት። ከጣታችሁ ሥር ባለችው ማብሪያ ውስጥ ያለች ቀጭን ብረት ደክማ ነው፤ ብየዳ የሚችል ሰው ከሌላ አሮጌ ማውስ ነቅሎ ይተካላችኋል።