ነፃ የፎቶግራፍ ማከማቻ ድረ ገጽ አመራረጥ

በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በሰሜን ወሎ በተካሄደው ጦርነት የበርካታ ትምህርት ቤቶች ሰነዶች ጠፍተዋል። በደሴና በወልዲያ መንገድ ላይ ለምትገኘው ውርጌሳና ለአካባቢዋ ትምህርት ቤቶች፣ ፎቶግራፎችን በኢንተርኔት ማስቀመጥ እንዲህ ላለው ጥፋት አንዱ መከላከያ ነው።

ይሁን እንጂ ነፃ የተባለ አገልግሎት ሁሉ እንደ ነበረ አይቀጥልም። ፍሊከር በ2011 ዓ.ም. ያለ ክፍያ የሚቀመጡትን ፎቶግራፎች በ1,000 ወስኗል። ጉግል ፎቶስም ያለ ገደብ ይሰጠው የነበረውን ነፃ ቦታ ግንቦት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. አቋርጦ፣ ከኢሜይልና ከጉግል ድራይቭ ጋር በጋራ በሚያዝ 15 ጊጋባይት ተክቶታል። አንዱ ፎቶግራፍ 3 ሜጋባይት ቢሆን፣ ይህ ቦታ 5,000 ያህል ይይዛል ማለት ነው።

ስለዚህ ምርጫው ከዓላማው ሊነሣ ይገባል። የተማሪዎች ፊት የሚታይባቸው ፎቶግራፎች ለተፈቀደላቸው ሰዎች ብቻ በሚከፈት ማከማቻ ይቀመጡ። የተራራ፣ የሰብልና የገበያ ፎቶግራፎች ግን ለማስተማሪያነት ለሁሉም ቢዳረሱ ይጠቅማሉ፤ ለዚህም በ1996 ዓ.ም. የተቋቋመው ዊኪሚዲያ ኮመንስ አመቺ ነው። ሆኖም በዚያ የሚሰጠው የመጠቀም ፈቃድ የማይሻር መሆኑን አስቀድሞ መገንዘብ ያሻል።

ከዚህም ሌላ አካውንቱ በአንድ መምህር ስም ከተከፈተ፣ መምህሩ ሲዛወር ማከማቻው ባለቤት ያጣል። በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት መቋረጡም አይዘነጋም። በመሆኑም አካውንቱ በትምህርት ቤቱ ስም ተከፍቶ፣ ዋናው ቅጂ በሃርድ ዲስክ በትምህርት ቤቱ፣ ሌላው ቅጂ በወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሊቀመጥ ይገባል።